ላቦራቶሪ የነፍስ አባት አይደለም

ከንፈር ለከንፈር ከተሳሳመ ወይም ባልተቀደደ ኮንዶም ግንኙነት ከፈጸመ በኋላ ለወራት እንቅልፍ ያጣ ሰው ያልገጠመው የኤች አይ ቪ አማካሪ ያለ አይመስለኝም። ሦስት ጊዜ ተመርምሮ ሦስቴም ነጻ ነህ ተብሏል፤ አራተኛውን ይጠይቃል። ንፍፊት ፍለጋ አንገቱን ይዳስሳል፣ ምላሱን በመስታወት ያያል፣ በላብ ተጠምቆ የነቃበትን ሌሊት ይቆጥራል። እኛም «ለማንኛውም ከሦስት ወር በኋላ ተመለስ» ብለን እናሰናብተዋለን። ጥንቃቄ የሚመስለው ይህ መልስ ጭንቀቱን ይመግበዋል፤ ስንት ጊዜ ተነግሮም እስካሁን አልቀረም።

ቫይረሱ የሚተላለፈው በደም፣ በዘር ፈሳሽ፣ በሴት ብልትና በፊንጢጣ ፈሳሽ፣ በእናት ጡት ወተትም ነው። ምራቅ፣ ላብና እንባ አያስተላልፉትም። መተቃቀፍም ሆነ ልብስ ሳይወልቅ መተሻሸት መንገድ አይከፍትለትም፤ በአፍ የሚደረግ ግንኙነት ያለው አደጋም እጅግ ዝቅተኛ ነው። አደጋ አለው የምንለው ግንኙነት እንኳ ብዙ ሰው እንደሚያስበው በአንድ ጊዜ የሚያስይዝበት ዕድል ትንሽ ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በሚጠቀምበት ግምት፣ ቫይረሱ ካለበትና መድኃኒት ከማይወስድ ወንድ ጋር ያለ ኮንዶም በብልት የሚደረግ ግንኙነት 10,000 ጊዜ ቢፈጸም ሴቷ የምትያዘው 8 ጊዜ ገደማ ነው፤ ወንዱ ከሴቷ የሚያዘው 4 ጊዜ ገደማ። የአባላዘር ቁስል ካለ ወይም አጋሩ በቅርቡ የተያዘ ከሆነ አደጋው ይጨምራል፣ ግንኙነቱ ሲደጋገምም ይጠራቀማል፤ ስለዚህ ኮንዶም ይቅርብኝ የሚል ሰው ከዚህ ቁጥር ድጋፍ አያገኝም። የተሳመው ሰው ግን ከዚህ ስሌት ውስጥ ጭራሽ አልገባም።

«ምልክቱስ?» ይባላል። ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ ሽፍታና ንፍፊት አዲስ በተያዘ ሰው ላይ ሊታዩ ይችላሉ፤ ተራ ጉንፋንም ያመጣቸዋል፣ ከተያዙትም ምንም ያልተሰማቸው አሉ። ላቡን፣ ተቅማጡንና ክብደት መቀነሱን ደግሞ ጭንቀት ብቻውን ያመጣዋል። ስለዚህ ዳኛው ምልክት ሳይሆን ምርመራ ነው። የጣት ደም ተወስዶ የሚሠራው ፈጣን ምርመራ ከተጠረጠረው ቀን 90 ቀን ካለፈ በኋላ፣ አንቲጅንና አንቲቦዲን አንድ ላይ የሚያየው የላቦራቶሪ ምርመራ ደግሞ 45 ቀን ካለፈ በኋላ ነጻ ካለ፣ በመሐል አዲስ አጋጣሚ ከሌለ ወይም የመከላከያ መድኃኒት ካልተወሰደ በቀር ጉዳዩ ተዘግቷል። ከዚያ ወዲያ መደጋገም ጉዳትም አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ከፈጣን ምርመራዎች የሚጠይቀው ዝቅተኛ መስፈርት ካልተያዙ 100 ሰዎች 98ቱን ነጻ ማለት ነው። በዚህ መስፈርት ካልተያዙ 1,000 ሰዎች እስከ 20ዎቹ የመጀመሪያው ምርመራ በስህተት ሊያስደነግጣቸው ይችላል። ሰውን ተይዘሃል ለማለት ሦስት የተለያዩ ምርመራዎች የሚጠየቁት ለዚሁ ነው።

ከባልደረቦቼ የምሰማው ተቃውሞ አለ፤ ፍርሃት ይጠብቃል፣ ሰው ቢፈራ ምን ይጎዳል የሚል። ይህ አስተሳሰብ የመጣበትን ዘመን አልረሳም። እ.ኤ.አ. በ1986 የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን በአገራችን ሲታዩ መድኃኒት አልነበረም፣ ከማስፈራራት ሌላ ብዙ መሣሪያም አልነበረንም። ነጻ ሕክምና ከተጀመረበት ከ2005 ወዲህ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ2016 ውጤቱ የታተመው የአውሮፓ የፓርትነር ጥናት 888 ጥንዶችን ተከታትሎ፣ ከ58,000 ገደማ ያለ ኮንዶም ግንኙነት ውስጥ፣ መድኃኒት እየወሰደ የቫይረሱ መጠን ከተገታ ሰው ወደ አጋሩ የተላለፈ አንድም አላገኘም። መሳሳምን ከሞት ጋር ያቆራኘው ፍርሃት ግን ሸክሙን እስከ ዛሬ ቫይረሱ ባለባቸው ወገኖች ላይ ይጭናል። ሁሉንም እኩል የሚፈራ ሰው ደግሞ እውነተኛውን አደጋ መለየት ይሳነዋል። ኮንዶም የተቀደደበት ሰው ወይም የተደፈረች ሴት በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ብትደርስ ለ28 ቀን የሚወሰድ መከላከያ አለ፤ ምልክት ስትጠብቅ ሰዓቱ ያልፋል። በአፍ ግንኙነት ጭምር የሚተላለፉት ጨብጥና ቂጥኝም በኤች አይ ቪ ጥላ ተሸፍነው ሳይመረመሩ ይቀራሉ።

ማስረጃ ሁሉ ተዘርዝሮለት ለማያምን ሰው ብዙ ጊዜ ጥያቄው ስለ ቫይረሱ አይደለም። ከትዳሩ ወጥቷል፣ ወይም ከእምነቱ ጋር የሚጋጭ ነገር ፈጽሟል፤ ቅጣቱን ይጠብቃል። ምርመራ ይህን ጸጸት አያነሣለትም፤ ነጻ የሚለው ወረቀት ለአንድ ሳምንት ያሳርፈዋል፣ ከዚያ ይመለሳል። ባልደረቦቼ ሆይ፣ ጊዜው ያለፈንና ውጤቱ ነጻ የሆነን ሰው «ምርመራህ አብቅቷል» በሉት፤ አምስተኛውን ምርመራ አትሥሩለት። ጭንቀቱ ካልለቀቀው የሚላከው ወደ አእምሮ ጤና ባለሙያ ነው።