የፎቶግራፍ ማስተካከያ ቃላት፤ ከጨለማ ክፍል ወደ ኮምፒዩተር

ዐፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ጫኑ። በዘመነ መንግሥታቸውም እንደ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ያሉ ባለሙያዎች ለቤተ መንግሥቱ ፎቶግራፍ ያነሡ ነበር። ሙያው ቀስ በቀስ ወደ ከተማው ፎቶ ቤቶች ሲደርስ የራሱን አማርኛ አፈራ፤ «ማንሣት»፣ «ማጠብ»፣ «ማሳደግ»፣ «ጉርድ ፎቶግራፍ» የሚሉት ከሥራው ከራሱ የበቀሉ ናቸው። ዛሬ ውሃውና መድኃኒቱ ቀርቶ ሥዕሉ ከእጅ ስልክ ወደ ወረቀት ሲገለበጥ እንኳ ሰው «ፎቶ አሳጠብሁ» ይላል። ከሥራ የተወለደ ቃል መሣሪያው ቢለወጥም በቀላሉ አይሞትም ማለት ነው።

በኮምፒዩተር ለሚደረገው ማስተካከያ ግን ቃላቱ ባብዛኛው ከትርጉም የመጡ ናቸው። «አርትዖት» የሚለው ቃል ለጽሑፍ ስለ ተለመደ፣ እኛ ለሥዕሉ «ማስተካከል» የሚለውን መርጠናል። የሌሎቹን ቃላት ብቃት ለመመርመር አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት እናት ነጭ ነጠላ ለብሰው፣ በእንጦጦ ማርያም ቅጥር ግቢ በቀትር ፀሐይ ቆመው ተነሥተዋል እንበል። ፊታቸው በጥላ ጨልሟል፤ በስተግራ የማይታወቅ ሰው ትከሻ ገብቷል። ልጃቸው ይህን ፎቶግራፍ ማስተካከል በመማር ላይ ነው።

ሀ) መከርከም፦ የመጀመሪያው ሥራ የእንግዳውን ትከሻ ማስወገድ ነው። «መቁረጥ» የሚለው ቃል አንድን ነገር አንሥቶ ሌላ ቦታ ለመለጠፍ ስለ ተያዘ ለዚህ አይሆንም። «መከርከም» ግን የጠጕርንና የአጥርን ዳር ማስተካከል ስለሚያመለክት ተማሪው ያለ አስረጂ ይረዳዋል።

ለ) ብሩህነትና ንጽጽር፦ በተለመደው የዲጂታል ሥዕል እያንዳንዷ ነጥብ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ከ0 እስከ 255 የሚደርስ መጠን አላት፤ ሦስቱም 0 ሲሆኑ ጥቁር፣ 255 ሲሆኑ ነጭ ይሆናል። ልጁ ብሩህነቱን ከፍ ቢያደርግ የእናቱ ፊት ይፈካል፤ ነገር ግን የነጠላው ነጥቦች አብረው ከፍ ብለው 255 ላይ ይቆማሉ፤ የፈትሉ መልክም ይጠፋል። ሥዕሉ እንዲሁ ተቀምጦ በኋላ ብሩህነቱ ቢቀነስ ነጠላው ግራጫ ይሆናል እንጂ ፈትሉ ተመልሶ አይታይም። መፍትሔው የጥላውን ክፍል ብቻ ለይቶ ማፍካት ነው። «ብሩህነት» እንግዲህ ሥራውን በትክክል ይገልጻል። «ንጽጽር» ግን ማወዳደርን ስለሚያስታውስ ተማሪው «ከምን ጋር?» ብሎ እንዲጠይቅ ያደርጋል። መሣሪያው የሚያሰፋውም ሆነ የሚያጠበው በብሩሁና በጨለማው ክፍል መካከል ያለውን ርቀት ስለ ሆነ፣ «የብርሃን ልዩነት» ቢባል ይሻላል እንላለን።

ሐ) ንብር፦ እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ የቀረበው ፎቶሾፕ እ.ኤ.አ. በ1994 በሦስተኛው እትሙ አንዱን ሥዕል በሌላው ላይ አነባብሮ የመሥራትን ዘዴ አስገባ። ልጁ የጥላውን ማስተካከያ በላይኛው ንብር ቢሠራ ከሥሩ ያለው ሥዕል ሳይነካ ይቈያል። «ድርብ» የሚለው ቃል ሁለትነትን ስለሚያመለክት ለብዙው አይመችም። «ንብር» ግን «ተነባበረ» ከሚለው ግሥ ጋር ይዛመዳል፤ አነባበሮን የሚያውቅ ሁሉ አንዱ በሌላው ላይ መቀመጡን ወዲያው ይገነዘባል።

መ) ማስቀመጥ፦ ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚያሻው ይህ ነው። በዕለት ንግግራችን «አስቀምጥልኝ» ማለት «እንዳለ፣ ሳትነካ አኑርልኝ» ማለት ነው። የኮምፒዩተሩ ትእዛዝ ግን በብዙ ፕሮግራሞች ዘንድ አዲሱን ሥዕል በቀድሞው ላይ ይጽፋል። ልጁ ቃሉን እንደ ለመደው ተርጉሞ፣ የመጀመሪያውን ፎቶግራፍ የጠበቀ መስሎት «አስቀምጥ» የሚለውን ቢነካ፣ የእናቱ የነጠላ ፈትልና የተከረከመው ዳር አብረው ይጠፋሉ። የፋይሉ ዓይነት ጄፔግ ከሆነም ንብሮችን ስለማይዝ፣ በላይኛው ንብር የተሠራው ከታችኛው ጋር ተዋሕዶ ይቀራል። እናቲቱ በሕይወት ባይኖሩና ሌላ ቅጂ ባይገኝ፣ ጉዳቱ የማይካስ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ትእዛዝ «በነበረው ላይ ጻፍ»፣ ሁለተኛውን «በሌላ ስም አኑር» ብሎ መለየት ተገቢ ይመስለናል። ቃላቱ ይረዝማሉ፤ ነገር ግን የሚሆነውን አስቀድመው ይናገራሉ።

ከነዚህ ምሳሌዎች እንደምንረዳው፣ አንድ ቃል ለቋንቋ ሊቅ ትክክል መስሎ ለተጠቃሚው አሳሳች ሊሆን ይችላል። ተርጓሚው ቃሉን ከመወሰኑ በፊት አንድ ጊዜ ከፎቶ ቤት ሠራተኛ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከጀማሪ ተማሪ አጠገብ ተቀምጦ እጃቸው ወዴት እንደሚሄድ ቢመለከት መልካም ነው። በየአካባቢው ፎቶ ቤቶች የሚነገሩ፣ እዚህ ያልጠቀስናቸው ቃላት እንዳሉ ስለምናምን፣ አንባብያን እየሰበሰቡ ቢያቀርቡልን ለቀጣዩ ጥናት ይረዳናል።