ኩራዙን በፀሐይ ፋኖስ እንተካ

እናቶች ሆይ፤ አምባ ጊዮርጊስ ደጋ ናት። ፀሐይ ስትጠልቅ ብርዱ ይበረታል፤ በሩ ይዘጋል፤ ሰውም ከብትም ከቤት ይሰበሰባል። በዚያ በተዘጋ ቤት ውስጥ የላምባ ኩራዝ በርቶ ያመሻል። የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት የወገራ ገጠር ኩራዝ እስከ ዛሬ ያልወጣበት ቤት አለ። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለእንደዚህ ያለው ቤት ነው። ዓላማውም ሁለት ነው። መጀመሪያ ኩራዝ በቤተሰብ ጤና ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት እንገልጻለን፤ ቀጥሎም በእርሱ ፈንታ ከፀሐይ የሚሞላ ፋኖስ በቤት እንዴት እንደሚሠራና እንደሚያዝ እናስረዳለን።

የኩራዝ ጉዳት ምንድን ነው?

1ኛ፤ ጭሱ። ጠዋት የልጃችሁን አፍንጫ በነጭ ጨርቅ ጥረጉት። ጨርቁ ከጠቆረ፥ ያ ጥቁር ነገር የኩራዝና የምድጃ ጥላሸት ነው። ታዲያ አፍንጫ ላይ የቀረው ይህን ያህል ከሆነ፥ ወደ ሳንባ የገባው ምን ያህል ይሆን? ላምባ ሲነድ በዓይን የማይታይ ደቃቅ ጥላሸት ይወጣዋል። ይህም እስከ ሳንባ ውስጥ ድረስ ዘልቆ ይገባል፤ ሳልና የትንፋሽ ማጠርን ያመጣል፤ ዓይንንም ያቃጥላል። ሕፃን ከትልቅ ሰው ይልቅ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ የበለጠ ይጎዳል። ተማሪ ልጅም ደብተሩን ለማየት ኩራዙ ላይ ሲያጎነብስ፥ ፊቱን ከጭሱ መካከል አገባው ማለት ነው። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ላምባ በቤት ውስጥ ባይነድ ይሻላል ሲል መክሯል።

2ኛ፤ እሳቱ። ከጣሳ ወይም ከብልቃጥ የተሠራ ኩራዝ ድመት ቢነካው ይገለበጣል። የነጠላ ጫፍ ወይም የሣር ክዳን ካገኘው ደግሞ ቤቱ በሙሉ ሊነድ ይችላል። ላምባው ቤንዚን የተቀላቀለበት እንደሆነ ኩራዙ ይፈነዳል።

3ኛ፤ መርዙ። ላምባ ሲያዩት ውሃ ይመስላል። ብዙ ጊዜም የሚቀመጠው በሃይላንድ ፕላስቲክ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ ነው። የተጠማ ሕፃን ይህን ልዩነት ከየት ያውቀዋል? አንስቶ ይጠጣል።

አደጋው ቢደርስ ምን ማድረግ ይገባል?

ሕፃን ላምባ ከጠጣ በምንም ዓይነት እንዲያስታውክ አታድርጉት። ጣት በጉሮሮው አታስገቡ፤ ወተት ወይም ዘይትም አታጠጡት። ምክንያቱም ላምባው ተመልሶ ሲወጣ ወደ ሳንባ ይገባል፤ ትልቁም ጉዳት ይህ ነው። ላምባ የነካውን ልብሱን አውልቁ፤ ገላውን በሳሙናና በውሃ እጠቡ፤ ጠርሙሱን ይዛችሁ ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሲያዩት ደኅና ቢመስልም ውሰዱት።

እሳት ያቃጠለውን ሰው ደግሞ የተቃጠለውን ቦታ 20 ደቂቃ ያህል ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት። ቅቤ፥ ጭቃ፥ የጥርስ ሳሙና አትቀቡት። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሕፃን ከሆነ የቀረውን ገላውን ብርድ እንዳይመታው አልብሱት።

ነገር ግን አባቶች ‹‹ሳይቃጠል በቅጠል›› እንዳሉት፥ ከሁሉ የሚሻለው አስቀድሞ እሳቱን ከመብራቱ መለየት ነው።

የፀሐይ ፋኖስ ምንድን ነው?

ከአሸዋ ተጣርቶ የሚወጣ ሲሊኮን የሚባል ነገር አለ። በደንብ ተዘጋጅቶ ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ገበያ ላይ ‹‹ሶላር›› የምንለው ሰሌዳ የተሠራው ከዚህ ነው። ለሥራ የሚበቃ ኃይል የሚሰጠውን የመጀመሪያውን ሰሌዳ በ1946 ዓ.ም. በአሜሪካን አገር ዳሪል ቻፒን፥ ካልቪን ፉለርና ጄራልድ ፒርሰን የተባሉ ሦስት ሊቃውንት ሠርተው አሳዩ። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው በማግሥቱ ዓመት፥ በ1947 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ነገሩ ትናንት የመጣ አይደለም፤ የኮሌጁ እኩያ ነው።

አንዳንድ ሰው ‹‹የእኛ አገር ብርድ ነው፤ ሶላር የሚሆነው ለቆላ ነው›› ይላል። ይህ ስሕተት ነው። ሰሌዳው የሚፈልገው ብርሃንን ነው እንጂ ሙቀትን አይደለም። እንዲያውም ሲግል ኃይሉ ይቀንሳል። ስለዚህ የበጋው የወገራ ሰማይ፥ አየሩ ብርድ ፀሐዩ ብሩህ በመሆኑ፥ ለሶላር እጅግ የተመቸ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ሀ. 6 ቮልት፥ 1.5 ዋት የሆነ ትንሽ የሶላር ሰሌዳ።
ለ. እንደገና የሚሞሉ 3 የባትሪ ድንጋዮች፤ እያንዳንዱ 1.2 ቮልት፥ 2000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሆነ። ዓይነቱ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ይባላል። ተራው ድንጋይ አይሆንም፤ ሊሞሉት ቢሞክሩ ይፈሳል።
ሐ. ለ3 ድንጋይ የሚሆን ማቀፊያ።
መ. ኤል.ኢ.ዲ. የሚባሉ 6 ጥቃቅን ነጭ አምፖሎች።
ሠ. 33 ኦም የሆኑ 6 ሬዚስተሮች።
ረ. 1 ዳዮድ።
ሰ. 1 ማብሪያ ማጥፊያ፤ ቀይና ጥቁር ሽቦ፤ ናስትሮ።
ሸ. ክዳን ያለው የማርማላታ ብልቃጥ።

እነዚህ ዕቃዎች ሬዲዮና ስልክ ከሚጠግኑ ሰዎች ዘንድ ይገኛሉ፤ ከአምባ ጊዮርጊስ ከታጡ ጎንደር ከተማ ይገዛሉ። ጠጋኙ ሽቦውን በሊድ ቢበይደው ከመጠምዘዝ ይሻላል።

አሠራሩ

1. በመጀመሪያ ይህን ያዙ፤ ቀይ ሽቦ ለፖዘቲቭ (+)፥ ጥቁር ሽቦ ለኔጋቲቭ (−) ነው። ይህ ከተደባለቀ ፋኖሱ አይበራም።

2. ሦስቱን ድንጋዮች በማቀፊያው ውስጥ ምልክቱን ተከትላችሁ አግቡ። የአንዱ ራስ ከሌላው ቂጥ ጋር ይገናኛል፤ የሦስቱ ኃይል ተደምሮ 3.6 ቮልት ይሆናል።

3. የሰሌዳውን ቀይ ሽቦ ከዳዮዱ፥ ዳዮዱን ከባትሪው ቀይ ሽቦ ጋር አያይዙ። በዳዮዱ ላይ ያለው ቀለበት የመሰለ መስመር ወደ ባትሪው በኩል ይሁን። ዳዮድ በአንድ ወገን ብቻ እንደሚከፈት በር ነው፤ ቀን ኃይሉን ወደ ባትሪው ያስገባል፥ ሌሊት ተመልሶ እንዳይወጣ ይዘጋል። የሰሌዳው ጥቁር ሽቦ በቀጥታ ከባትሪው ጥቁር ሽቦ ጋር ይገናኝ።

4. ትንንሾቹን አምፖሎች ተመልከቱ። ሁለት እግር አላቸው፤ ረጅሙ እግር ፖዘቲቭ፥ አጭሩ ኔጋቲቭ ነው። በእያንዳንዱ ረጅም እግር ላይ አንድ ሬዚስተር ይበየድ። ሬዚስተር የኃይሉን መጠን ይወስናል፤ ያለ እርሱ አምፖሉ ቶሎ ይቃጠላል።

5. የስድስቱን ሬዚስተር ጫፎች በአንድነት አስራችሁ ወደ ማብሪያ ማጥፊያው፥ ከማብሪያ ማጥፊያውም ወደ ባትሪው ቀይ ሽቦ ውሰዱ። ስድስቱን አጭር እግሮች ደግሞ በአንድነት ከባትሪው ጥቁር ሽቦ ጋር አገናኙ። የተላጠው ሽቦ ሁሉ በናስትሮ ይጠቅለል።

6. ከመዝጋታችሁ በፊት ሞክሩት። አንዱ አምፖል ብቻ እምቢ ካለ እግሩ ተገልብጦ ይሆናል።

7. አምፖሎቹን በብልቃጡ ክዳን ላይ ወደ ውስጥ እያዩ እንዲቆሙ አድርጉ። የብልቃጡን ውስጥ በስስ ነጭ ወረቀት ሸፍኑት፤ ብርሃኑ ይለሰልሳል፥ ዓይንም አይወጋም። አምፖሉ እንደ እሳት ስለማይግል ወረቀቱ አይቃጠልም። በኩራዝ ይህን ማን ይደፍራል?

ጥሩ ፀሐይ በዋለበት ቀን የተሞላ ፋኖስ 6 ሰዓት ያህል ያበራል። ይህም ለእራት፥ ለጥናት፥ ሌሊትም ለታመመ ልጅ ለመነሣት ይበቃል።

ሰሌዳውን የት እናስቀምጠው?

ፊታችሁን ወደ ፀሐይ መውጫ አዙሩ፤ ቀኝ እጃችሁ ደቡብ ነው። ሰሌዳው ፊቱን ወደ ደቡብ አዘንብሎ ይቀመጥ። ስምንት ጣት የሚረዝም ሰሌዳ ቢሆን በስተሰሜን ያለው ጫፍ ሁለት ጣት ከፍ ይበል። ከዚህ በላይ መቆም የለበትም። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ድረስ የባሕር ዛፍም ሆነ የጣሪያ ጥላ እንዳያርፍበት ተጠንቀቁ። የሰሌዳው ክፍሎች እንደ መስኖ ቦይ ተከታትለው የተያያዙ ናቸው፤ አንዱ ቦታ በጥላ ቢደፈን የሌላውም ፍሰት ይቀንሳል። ሰሌዳው ፀሐይ ላይ ሲውል፥ ባትሪው ያለበት ብልቃጥ ግን ጥላ ሥር ይሁን፤ ባትሪ ሙቀት ይጎዳዋል።

አያያዙ

አቧራውን በየጠዋቱ በለስላሳ እርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። በአመድ ወይም በአሸዋ አትፈትጉት፤ ፊቱ ይጫጫራል። በረዶ ሊጥል ሲያስገመግም ወደ ቤት አስገቡት።

በክረምት ደመናው ስለሚበዛ ፋኖሱን ለመሙላት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ሊፈጅ ይችላል። ያን ጊዜ ለእራትና ለጥናት ብቻ አብሩት። ላምባ ለመጠባበቂያ ካስቀመጣችሁ ግን በተቆለፈ ሣጥን፥ ሕፃን በማይደርስበት ቦታ ይሁን፤ በመጠጥ ዕቃም አታድርጉት።

ከጊዜ በኋላ ፋኖሱ ቶሎ ቶሎ መጥፋት ቢጀምር፥ ያረጀው ባትሪው ነው እንጂ ሰሌዳው አይደለም። ሦስቱን ድንጋዮች በአንድ ጊዜ ለውጡ፤ አሮጌውን ከአዲስ ጋር አትቀላቅሉ። አሮጌውን ድንጋይ እሳት ውስጥ አትጣሉ፤ ለልጅ መጫወቻም አትስጡ። ከገበያ ገዝታችሁት የተበላሸ ሶላር ካላችሁም አትጣሉት፤ ብዙ ጊዜ ሰሌዳው ደኅና ነውና ለዚህ ሥራ ይሆናል።

ይህን ሴት ልትሠራው ትችላለች?

አዎን፤ ትችላለች። በህንድ አገር ቲሎኒያ በምትባል መንደር በ1964 ዓ.ም. የተመሠረተ ቤርፉት የተባለ ኮሌጅ አለ። ማንበብና መጻፍ የማይችሉ የገጠር እናቶችና ሴት አያቶች እዚያ ገብተው ሽቦን በቀለሙ፥ ዕቃን በቅርጹ እየለዩ የሶላር መብራት መሥራትና መጠገን ይማራሉ። ሊጥ አቡክታ፥ ጠላ ጠምቃ፥ ጥጥ ፈትላ የምታድር እጅ ቀይ ሽቦ ከጥቁር መለየት አያቅታትም።

በእኛም አገር በሰሜን ሸዋ ሬማ በተባለች የገጠር መንደር በ1990ዎቹ ማብቂያ ከሺህ በላይ ቤቶች ከኩራዝ ወደ ሶላር ተሸጋግረዋል፤ ጠጋኞችም እዚያው ሠልጥነዋል። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ኦላፉር ኤልያሰን የተባለ ሠዓሊና ፍሬድሪክ ኦተሰን የተባለ መሐንዲስ ያወጡት ትንሽ የሶላር ፋኖስ ቅርጹ ከእኛው ከመስቀል አበባ ተወስዷል።

ወጪውን በተመለከተ ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። በየገበያው ቀን ለላምባ የምታወጡትን ገንዘብ ለሦስት ወር መዝግቡ፤ መጻፍ ያልቻለች ጠጠር ትቁጠር። ከዚያም ከዕቃዎቹ ዋጋ ጋር አስተያዩት። ፀሐይ ግን ገበያ አትወጣም።

አትርሱ

የፀሐይ ፋኖስ የኩራዙን ጭስ ያስቀራል፤ የምድጃውን ጭስ ግን አያስቀርም። ስለዚህ እሳት ሲነድ መስኮት ይከፈት፤ የሚቻል ከሆነም ጭስ ማውጫ ይሠራ፤ ሕፃን ከምድጃው አጠገብ አይተኛ።

ብርሃን ከመጣ ሥራም ይመጣል። የውሃው እንስራ መከደኑን እዩበት፤ ከእራት በፊት የልጆቹን እጅ በሳሙና አጥቡበት፤ ሌሊት ወደ መጸዳጃ ቤት ስትወጡ ያዙት። የታመመ ሕፃን ትንፋሹ ሲፈጥን፥ ደረቱም ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ በዚህ ብርሃን ካያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ያ የሳንባ ምች ምልክት ነውና።