የቫልቭን ክፍተት ለክቶ ማስተካከል

 

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ሞተር ሳይክል ነው። «እኔ ሞተር ሳይክል የለኝም፤ ምን ያደርግልኛል?» የሚል ይኖር ይሆናል። እስቲ ያስብ። ከገጠር ቀበሌ ወደ ገበያ ሰውና ዕቃ የሚያመላልሰው ምንድን ነው? መኪና በማይገባበት መንገድ የታመመ ልጅ ጤና ጣቢያ የሚደርሰው በምንድን ነው? ብዙ ጊዜ በሞተር ሳይክል ነው። ያ ሞተር ሳይክል መንገድ ላይ ቢቆም የሚቸገረው ባለቤቱ ብቻ አይደለም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ሞተረኛ አለ እንበል። አሮጌ ሞተር ሳይክል ገዝቶ በእሱ ቤተሰቡን ያስተዳድራል። ሞተሩ ሲሠራ ከላይ በኩል «ጠቅ ጠቅ፣ ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ ያሰማ ነበር። ከጊዜ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ሞተረኛው ደስ አለው። «በራሱ ተሻለው» አለ። ከዚያ ወዲህ ግን ሞተሩ ጠዋት ጠዋት አልነሳ ይል ጀመር። ቀጥሎም ሁለት ሰው ጭኖ ዳገት መውጣት አቃተው። በመጨረሻ ጨርሶ ቆመ። ጋራዥ ተወስዶ ሲፈታ የአንዱ ቫልቭ ጠርዝ ተቃጥሎ ተገኘ።

ምን ሆኖ ነው? ድምፁ የጠፋው ስለተሻለው አልነበረም፤ ስለታመመ ነው። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። ለቫልቭ ግን ይህ አባባል አይሠራም። ምክንያቱን ቀስ ብለን እንይ።

ቫልቭ ምንድን ነው?

ቫልቭ የሞተር በር ነው። ብዙዎቹ ሞተር ሳይክሎች ሁለት ቫልቭ አላቸው። አንደኛው ማስገቢያ ነው። የቤንዚንና የአየር ድብልቅ በእሱ ይገባል። ሁለተኛው ማስወጫ ነው። የተቃጠለው ጭስ በእሱ ይወጣል። ማስገቢያው የሚገኘው በካርቡራተሩ በኩል ነው። ማስወጫው ደግሞ በማርሚታው ቱቦ በኩል ነው። ይህን ካወቃችሁ አንዱን ከሌላው አታምታቱም።

በሩን የምትከፍተው እንደ ሚዛን ክንድ ከፍና ዝቅ የምትል ብረት ናት። መካኒኮች ሮከር ይሏታል። ሮከሯ የቫልቩን ጫፍ ስትጫን በሩ ይከፈታል። ስትለቀው ሞላው ስቦ ይዘጋዋል። ሞተሩ በደቂቃ 6000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ 3000 ጊዜ ይከፈታል፤ 3000 ጊዜም ይዘጋል። ይህ በሰከንድ 50 ጊዜ ማለት ነው።

ሁሉም ሞተር ሳይክል ግን እንዲህ ያለ ቫልቭ የለውም። እንደ ያማሃ ዲቲ 125 ያሉት የድሮ ሞተሮች ዘይቱን ከቤንዚን ጋር አብረው ያቃጥላሉ። እነሱ የሚስተካከል የቫልቭ ክፍተት የላቸውም። የዛሬው ትምህርት ዘይቱ በሞተሩ ሆድ ውስጥ ለሚቀመጥ፣ ባለ ቫልቭ ሞተር ነው።

ክፍተቱ ለምን አስፈለገ?

ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። ቫልቭም ብረት ነው። በተለይ የማስወጫው ቫልቭ በእሳት መካከል ስለሚኖር እጅግ ይግላል። ስለዚህ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ በሮከሯና በቫልቩ ጫፍ መካከል ትንሽ ክፍተት መኖር አለበት። ቫልቩ ሲሞቅና ሲረዝም ያችን ክፍተት ይሞላታል።

ክፍተቱ ከልክ በላይ ቢሰፋ ምን ይሆናል? ሮከሯ ቫልቩን እንደ መዶሻ ትመታዋለች። «ጠቅ ጠቅ» የሚለው ድምፅ ይበዛል። በሩ ዘግይቶና በከፊል ይከፈታል። የሞተሩም ጉልበት ይቀንሳል።

ክፍተቱ ቢጠፋስ ምን ይሆናል መሰላችሁ? ይህ የባሰ ነው። ቫልቩ ሲረዝም ሮከሯ ትገታዋለች፤ በሩም ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። በስንጥቁ እሳት ይወጣል። ቫልቩ ሙቀቱን የሚያስተላልፈው በዋናነት ተዘግቶ መቀመጫው ላይ ሲያርፍ ነው። በደንብ ካላረፈ ሙቀቱን የሚሰጥበት ቦታ ያጣል። ስለዚህ ጠርዙ ይቃጠላል። የሞተረኛችን ቫልቭ የተቃጠለው እንዲህ ነው። ቫልቩ ከብዙ ሥራ በኋላ መቀመጫውን እየበላ ወደ ውስጥ ሰጠመ። ክፍተቱ ጠበበ። ድምፁም ጠፋ።

እንግዲህ ጆሮ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው። መለካት ያስፈልጋል። ለመለካት ደግሞ ቁጥር ማንበብ ያስፈልጋል።

ቁጥሩን እናንብብ

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ወላይትኛ ከማስተማሪያ ቋንቋዎቹ አንዱ ነበር። ያን ጊዜ ፊደል የቆጠሩ አባቶችና እናቶች ደብዳቤያቸውን ራሳቸው ማንበብ ቻሉ። የሚዛኑን ቁጥርም ራሳቸው አዩ። ዛሬ እናንተ የምታነቡት ቁጥር ከዚያ ያነሰ ነው፤ ጥቅሙ ግን አያንስም።

የክፍተት መለኪያው በአንድ ላይ የታሰሩ ስስ የብረት ምላሶች ናቸው። መካኒኮች ፊለር ጌጅ ይሉታል። በእያንዳንዱ ምላስ ላይ ውፍረቱ በሚሊሜትር ተጽፏል። 0.05፣ 0.08፣ 0.10 እያለ ይቀጥላል። 0.08 «ዜሮ ነጥብ ዜሮ ስምንት» ተብሎ ይነበባል። አንድ ሚሊሜትር 100 ቦታ ቢከፈል ከዚያ ውስጥ 8 ማለት ነው። የአንድ የደብተር ቅጠል ውፍረት ያህላል።

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተት እንዳትሠሩ። አንደኛ፣ ከ0.08 እና ከ0.10 የትኛው ይበልጣል? 8 ከ1 ይበልጣልና 0.08 ይበልጣል እንዳትሉ። 0.10 ማለት ከ100 እጅ 10 ነው። ስለዚህ 0.10 ይበልጣል። ሁለተኛ፣ 0.08 እና 0.8 አንድ አይደሉም። 0.8 አሥር እጥፍ ይበልጣል። ከነጥቡ በኋላ ያለችውን ዜሮ አትዝለሏት።

የሆንዳ ኩባንያ ሲጂ 125 የተባለውን ሞተር ሳይክል እ.ኤ.አ. በ1976 አወጣ። በሸካራ መንገድ ላይ በትንሽ ጥገና እንዲሠራ ታስቦ የተነደፈ ነው። ብዙ የቻይና ፋብሪካዎችም ንድፉን ተከትለው ሠርተዋል። በሆንዳ ሲጂ 125 ላይ የሁለቱም ቫልቮች ክፍተት 0.08 ሚሊሜትር ነው። ይህ ግን ለሁሉም አይሠራም። በብዙ ሞተሮች ላይ የማስወጫው ክፍተት ከማስገቢያው ይበልጣል። የእናንተን ሞተር ትክክለኛ ቁጥር ከመምሪያ መጽሐፉ አንብቡ። መጽሐፉ ከሌለ ያንኑ ዓይነት ሞተር የሚያውቅ መካኒክ ጠይቁና በደብተራችሁ ጻፉት።

ሥራው እንዴት ይሠራል?

አንደኛ፦ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ማታ አቁማችሁ ጠዋት ሥሩ። በሞቀ ሞተር የተለካ ክፍተት ያሳስታል።

ሁለተኛ፦ የሞተሩን ራስ ከአቧራ አጽዱ። በበጋ የመንገዱ አቧራ፣ በክረምት ጭቃው ክዳኑ ዙሪያ ይጠራቀማል። ሳታጸዱ ብትከፍቱ ወደ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ማርሹን ፎሌ ላይ አድርጉ። ሞተሩ በእጅ በቀላሉ እንዲዞር ካንዴላውን ፍቱ። ቀዳዳውን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑ።

ሦስተኛ፦ የቫልቮቹን ክዳን ክፈቱ። በጎን ያለውን የሞተር ማዞሪያ ክዳንና ምልክት ማያውን ቀዳዳም ክፈቱ። ብሎንና ዳዶውን በአንድ ሳህን አስቀምጡ፤ እንዳይጠፋ።

አራተኛ፦ ሞተሩን በመፍቻ ቀስ እያላችሁ አዙሩ። የምታዞሩት ሲሠራ በሚዞርበት አቅጣጫ ነው። በብዙዎቹ በግራ በኩል ሆናችሁ ስታዩ ከሰዓት ዘንግ በተቃራኒ ነው። ዓይናችሁን ማስገቢያው ቫልቭ ላይ አድርጉ። ወርዶ ይመለሳል። ከተመለሰ በኋላ ማዞሩን ቀጥሉ። በቀዳዳው የ«ቲ» ፊደል ምልክት ሲመጣና መስመሩ ከጠቋሚው ጋር ሲገጥም አቁሙ። አጠገቡ የ«ኤፍ» ምልክትም አለ። እሱ ለሌላ ሥራ ነው። ወላይትኛ ዛሬ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ብዙዎቻችሁ ሁለቱን ትለያላችሁ። «ቲ» ከላይ አንድ አግዳሚ ብቻ አላት። «ኤፍ» ሁለት አግዳሚ አላት።

አሁን ሁለቱንም ሮከሮች በጣታችሁ ነቅነቅ አድርጉ። ጥቂት ከተነቃነቁ ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተዋል፤ ቦታው ትክክል ነው። ሮከሮቹ ተወጥረው ከያዙ ሞተሩን አንድ ሙሉ ዙር አዙሩና ምልክቱን እንደገና አግጥሙ። ከዚህም በኋላ የማይነቃነቅ ሮከር ካለ የዚያ ቫልቭ ክፍተት ጠፍቷል ማለት ነው።

አምስተኛ፦ ለኩ። ትክክለኛውን ምላስ በሮከሯና በቫልቩ ጫፍ መካከል አስገቡ። ጥቂት እየያዘ መሳብ አለበት። ጨርሶ ካልገባ ጠቧል። ምንም ሳይይዝ ከተንሸራተተ ሰፍቷል። በወረቀት ወይም በመጋዝ ምላጭ አትለኩ። ውፍረታቸውን ማን ለካው? ያገኛችሁትን ቁጥር ምንም ሳትነኩ መጀመሪያ ጻፉ።

ስድስተኛ፦ አስተካክሉ። በሮከሯ ጫፍ ላይ ያለውን ዳዶ በመፍቻ ላሉት። ከመሐሉ ያለችውን ትንሽ ብሎን አዙሯት። ስትጠብቅ ክፍተቱ ይጠባል፤ ስትላላ ይሰፋል። ልኩ ሲገኝ ብሎኗን እንዳትዞር ያዙና ዳዶውን አጥብቁ። ከመጠን በላይ አታጥብቁ፤ ጥርሱ ይበላል። ከዚያ እንደገና ለኩ። ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኗን ስለሚያንቀሳቅሳት ልኩ ይለወጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ሰባተኛ፦ ሞተሩን ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩ። ምልክቱን አግጥሙና ለመጨረሻ ጊዜ ለኩ። ልክ ከሆነ ክዳኑንና ካንዴላውን ግጠሙ። ጋርኒሲዮኑ ተቀዶ ከሆነ ለውጡት። መፍቻና ጨርቅ ውስጥ አለመቅረቱን አረጋግጡ። ሞተሩን የምታስነሡት ከቤት ውጭ፣ ደጅ ላይ ይሁን። ጭሱ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል።

ደብተሩ ምን ይነግረናል?

የሞተር ሳይክሉ ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ቢበላሽ እንኳ ቀኑን መጻፍ ትችላላችሁ። አንድ ምሳሌ እነሆ። ትክክለኛው ልክ 0.08 ነው እንበል። ከማስተካከላችሁ በፊት የተገኘው ግን ይህ ነው፦

ጥር 12፦ ማስገቢያ 0.08፤ ማስወጫ 0.07።
ሚያዝያ 10፦ ማስገቢያ 0.08፤ ማስወጫ 0.05።
ሐምሌ 8፦ ማስገቢያ 0.09፤ ማስወጫ 0.03።

ምን አያችሁ? ማስወጫው በየጊዜው ወደ 0.08 ቢመለስም በሦስት ወር ውስጥ እንደገና ይጠባል። አጠባቡም እየፈጠነ ነው። ይህ ቫልቭ መቀመጫውን እየበላ ነው። ሞተሩ ገና ይሠራል፤ ድምፁም ደህና ነው። ደብተሩ ግን ቀድሞ ተናገረ። እንግዲህ ባለቤቱ ገንዘብ አጠራቅሞ፣ ሥራ በሚቀዘቅዝበት ጊዜ ቴስታታውን ጋራዥ ያሳያል። መንገድ ላይ፣ ሰው ጭኖ ሳለ አይቆምበትም። ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ ማለት ይህ ነው።

ካስተካከላችሁ በኋላ ሞተሩ አልነሳ ካለ፣ ጉልበት ካጣ ወይም በማርሚታው የትንፋሽ ድምፅ ከተሰማ እናንተ ከዚህ በላይ አትፍቱ። መካኒክ ጥሩ። ደብተሩንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ሥራውን ያቀልለታል።

አሁን የተማርነውን እናስታውስ። መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ።

1. የቫልቭ ክፍተት ሲጠፋ ቫልቩ ለምን ይቃጠላል?
2. ከ0.05፣ ከ0.10 እና ከ0.08 ትልቁ የትኛው ነው?
3. ዳዶው ከጠበቀ በኋላ እንደገና የምንለካው ለምንድን ነው?
4. የእናንተ ወይም የጎረቤታችሁ ሞተር ሳይክል ትክክለኛ የቫልቭ ክፍተት ስንት ነው?

አራተኛው ጥያቄ መልሱ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ የለም። ጠይቃችሁ፣ አንብባችሁ የምታገኙት ነው። ለዛሬ በዚህ ይብቃን። በሚቀጥለው ትምህርታችን እስክንገናኝ በሰላም ቆዩ።