አፍንጫ የማይደርስበት ጭስ

በተዘጋ ቤት ከሰል አቀጣጥሎ የተኛ ሰው ምን እንደሚገጥመው ለአገራችን አንባቢ ማስረዳት አያሻም። ያው ገዳይ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ከመኪና ማርሚታም ይወጣል። ቀለምም ሽታም የለውም። ቤዝመንት ፓርኪንግ ስንገባ የሚሸተን ያልተቃጠለ ቤንዚንና የናፍጣ ጥቀርሻ ነው። ሞኖክሳይዱ ግን ሳይታወቀን ሳንባ ይገባል፤ በደም ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል።

ፓርኪንግን ከመንገድ ይልቅ አደገኛ የሚያደርገው መዘጋቱ ብቻ አይደለም። ጭሱን የሚያጠራው ካታሊቲክ ኮንቨርተር በደንብ የሚሠራው ወደ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲግል ነው። ሲቀዘቅዝ የዋለ ሞተር የሚነሣው ደግሞ እዚያው ቤዝመንት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ አዲስ መኪናም ቢሆን እዚያ ንጹሕ አይደለም። አዲስ አበባ ሲሆን ይብሳል። ከ2,300 ሜትር በላይ አየሩ ሳሳ ያለ በመሆኑ፣ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር ያለው አሮጌ ዲኤክስ መኪና ከአየሩ ጋር የማይመጣጠን ቤንዚን ይጠጣል፤ ሞኖክሳይዱም ይበዛል።

ይህን ጋዝ የሚለካው ኤሌክትሮኬሚካል ሴንሰር ነው። ጋዙ ኤሌክትሮዱ ላይ ደርሶ ኦክሳይድ ሲሆን ትንሽ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጠራል፤ ጋዙ ሲበዛ ፍሰቱም ይጨምራል፤ ከሴንሰሩ ጋር የተያያዘው ጭስ አስወጪ ማራገቢያም በዚያው ልክ ይፈጥናል። በካሊፎርኒያ ደንብ እንዲህ በሴንሰር የሚታዘዝ ፓርኪንግ ውስጥ ሞኖክሳይዱ በአንድ ሚሊዮን እጅ አየር ከ25 እጅ ማለፍ የለበትም። ባለ ሕንፃውን የሚማርከው ግን ሌላ ሳይሆን አይቀርም፦ የማራገቢያ ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ የሚፈጀው ኃይል ወደ አንድ ስምንተኛ ገደማ ይወርዳል።

ሞኖክሳይድ ክብደቱ ከአየር ጋር ተቀራራቢ ስለሆነ ሴንሰሩ ሰው በሚተነፍስበት ቁመት፣ አንድ ሜትር ተኩል አካባቢ ይሰቀላል። ንጹሕ አየር መግቢያው አጠገብ የተሰቀለ ሴንሰር ሁልጊዜ "ደህና ነው" ይላል። እኔ ብጠየቅ የመጀመሪያውን ሴንሰር ቀኑን ሙሉ እዚያው ከሚውለው ጥበቃ ወንበር አጠገብ አደርገው ነበር። የናፍጣ መኪና በበዛበት ደግሞ ሞኖክሳይድ መለኪያ ብቻውን አይበቃም፤ የናፍጣ ሞተር ሞኖክሳይዱ አነስተኛ፣ ሳንባ የሚያቆስለው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይዱ ግን ብዙ ነውና ለእሱ የራሱ ሴንሰር ያስፈልጋል።

ሴንሰር ያረጃል፤ ሲያረጅም እያነሰ የሚያነብበት ጊዜ አለ። መጠኑ በታወቀ የሲሊንደር ጋዝ በየጊዜው ካልተፈተሸ ስክሪኑ ላይ ያለው ትንሽ ቁጥር አየሩ ስለ መጥራቱ ምስክር አይሆንም። የሚለካው ጭስም በቶሎ አያልቅም፤ ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ብትከለክልም ቀድሞ የገባው ገና ዓመታት ይነዳል። መብራት ሲጠፋስ? ማራገቢያው ከጀነሬተሩ መስመር ጋር ካልተያያዘ፣ ሴንሰሩ በባትሪ ቢጮህም ጭሱን የሚያስወጣው የለም።