የቴሌቪዥን ጋራዥና የባለሙያ ጋራዥ

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ

አሮጌ ዕቃን ጠግኖ ማደስ ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ያለቀ የመኪና ጎማ በረባሶ ይሆናል፤ የአሮጌ መኪና ጎማ በአምቦና በጉደር ጎዳና ፈረስ የሚጎትተው ጋሪ እግር ይሆናል፤ የተበሳ በርሜልም ተቀጥቅጦ ምድጃ ይወጣዋል። በአሁኑ ዘመን ግን ማደስ ራሱን የቻለ የመዝናኛ ትርኢት ሆኗል። በሳተላይት ዲሽ በሚመጣው ቴሌቪዥንና በእጅ ስልካችን፥ ዝገት የበላው አውቶሞቢል በአንድ ሰዓት ውስጥ እንደ መስተዋት ሲያብለጨልጭ እናያለን። ከእኛ ከተማሪዎች መካከል ይህን እያየ የመካኒክነትን ሙያ የወደደ ብዙ ነው፤ በዚያው ምክንያት ሙያውን ቀላል አድርጎ የገመተም አልጠፋም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ከሚታየው ውስጥ የትኛው ድራማ፥ የትኛውስ ሥራ እንደ ሆነ ለይቼ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ድራማው የሚሠራው እንዴት ነው?

በዓለም ከታወቁት የመኪና ማደሻ ትርኢቶች ብዙዎቹ በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2004 የተጀመሩ ናቸው። አዘጋጆቹ ተመልካቹን ወንበሩ ላይ ለማቆየት የሚጠቀሙባቸው ዘዴዎች ልዩ ልዩ ቢመስሉም፥ በአራት ሊጠቃለሉ ይችላሉ።

አንደኛው የጊዜ ገደብ ነው። «ኦቨርሆሊን» በተባለው የአሜሪካ ትርኢት ላይ ቤተሰቡ ከአዘጋጆቹ ጋር ይመሳጠርና የባለቤቱ መኪና እንደ ተሰረቀ ሆኖ ይወሰዳል። ከዚያ በኋላ ቺፕ ፉስ የተባለው የታወቀ ባለሙያ ከጓደኞቹ ጋር በአንድ ሳምንት ውስጥ አድሶ ያቀርበዋል። ሰውየው በእውነት ባለሙያ መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን ተመልካቹ ሳምንቱን ሙሉ የሚጠይቀው «ይደርሳል ወይስ አይደርስም?» ብሎ ነው እንጂ «በደንብ ተሠራ ወይ?» ብሎ አይደለም።

ሁለተኛው ጠብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው «አሜሪካን ቾፐር» በተባለው የሞተር ብስክሌት ትርኢት፥ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ከተሠሩት ብስክሌቶች ይልቅ የአባትና የልጅን ጩኸት ነው። ጠብን ለማየት ዕውቀት አያስፈልግም፤ የብየዳን መልካምነት ለማየት ግን ያስፈልጋል።

ሦስተኛው የፊልም ቅንብር ነው። የብዙ ቀን ሥራ ተቀርጾ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይመረጣል። አንድ ብሎን አልፈታ ሲል ሙዚቃው ይከብዳል፥ የሠራተኛው ፊት ይቀርባል፥ ወዲያው ማስታወቂያ ይገባል። ከማስታወቂያው በኋላ ብሎኑ በቀላሉ ይፈታል። ጭንቀቱ የተፈጠረው ተመልካቹ ጣቢያ እንዳይለውጥ ነው።

አራተኛው የሒሳብ አቀራረብ ነው። «ዊለር ዲለርስ» በተባለው የእንግሊዝ ትርኢት ማይክ ብሩወር አሮጌ መኪና ይገዛል፥ መካኒኩ ይጠግነዋል፥ በመጨረሻም ተሸጦ ትርፉ ይነገራል። በሒሳቡ ላይ የመኪናው መግዣና የመለዋወጫው ዋጋ ሲቆጠር፥ የመካኒኩ የድካም ዋጋ አይቆጠርም። እንዲህ ያለውን ሒሳብ አምኖ ጋራዥ የሚከፍት ወጣት በመጀመሪያው ወር ምን እንደሚገጥመው ለመገመት አያዳግትም።

ከሁሉ ይልቅ የሚጠቀሰው ምሳሌ ግን ኤም ቲቪ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2007 ያሳየው «ፒምፕ ማይ ራይድ» ነው። በዚህ ትርኢት የወጣቶች አሮጌ መኪና ተወስዶ ቴሌቪዥንና ልዩ ልዩ ጌጥ ተገጥሞለት ይመለስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 በትርኢቱ የተካፈሉ ሰዎች ለጋዜጣ እንደ ተናገሩት፥ ከተገጠሙት ጌጦች አንዳንዶቹ ፊልሙ ካለቀ በኋላ ተነቅለው ተወስደዋል፤ በጥቂት ቀን የተሠራ መስሎ የታየው መኪናም ለወራት ጋራዥ ውስጥ ቆይቷል። አንዱን ባለ መኪና ዝርክርክ ለማስመሰል መኪናው ውስጥ ከረሜላ እንደ ተበተነም ተነግሯል። ከአዘጋጆቹ በኩል የተሰጠው መልስ አንዳንዱ ዕቃ የተነቀለው ለመንገድ ደኅንነት ሲባል ነው የሚል ነበር። መልሱ እውነት ቢሆንም እንኳ፥ ተመልካቹ ያየውና ባለቤቱ ይዞት የሄደው መኪና አንድ አልነበሩም።

በዚህ ላይ ግን ፍርድ እንዳናዛባ ያስፈልጋል። የሁለት ወር ሥራ በአንድ ሰዓት ፊልም ሊታይ ስለማይችል መቁረጥ ግድ ነው። መቁረጥና መዋሸት ደግሞ ይለያያሉ። ቀለሙ እስኪደርቅ ያለውን ሦስት ቀን መዝለል መቁረጥ ነው፤ ቀለሙ በአንድ ሌሊት ደረቀ ማለት መዋሸት ነው። ደኅና የነበረን ዕቃ ራሳቸው አዝገው «ከመሬት ቆፍረን አወጣነው» እያሉ በዩቲዩብ የሚያድሱም፥ ከመዋሸት ወገን ናቸው።

እውነተኛው ሥራ ምን ይመስላል?

መኪና ወደ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. ነው። ጋራዥ በየከተማው የተስፋፋው ግን ከጣልያን ወረራ ወዲህ ስለ ሆነ፥ የሙያው ቋንቋ እስከ ዛሬ ጣልያንኛ ይሸታል። ባትላሜራ፥ ስቱኮ፥ ቺንጋ፥ ፍሪሲዮን፥ ኩሽኔታ የምንላቸው ሁሉ ከዚያ የመጡ ናቸው። ካንዴላ በጣልያንኛ ሻማ ማለት ነው፤ ፍሬቻም ቀስት ማለት ነው። እነዚህን ቃላት ከመጽሐፍ የተማራቸው የለም፤ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በመፍቻና በመዶሻ መካከል የተላለፉ ናቸው።

ለምሳሌ ያህል ቮልስዋገንን እንውሰድ፤ እኛ ቮልስ የምንላትን ማለት ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በዚህች ዓይነት መኪና እንደ ነበረ ይታወቃል። በዓለም ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተሠራች በኋላ፥ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ አገር ከፋብሪካ ወጣች። በአገራችን ግን እስከ ዛሬ ትሄዳለች። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በአየር ስለ ሆነ ራዲያተር የላትም። ማራገቢያውን የሚያዞረው ቺንጋ ከተበጠሰ ግን ሞተሩ ወዲያው ይግላል። ባትሪዋ ከኋላ ወንበር ሥር ስለሚቀመጥ፥ የሚፈሰው አሲድና ከጎማ የሚረጨው ውሃ ተባብረው ወለሏን ይበሉታል።

እንዲህ ያለችውን መኪና የሚያድስ ባለሙያ መጀመሪያ የሚያደርገው መመርመር ነው። ላሜራውን በጣቱ መታ መታ እያደረገ ድምፁን ያዳምጣል፤ ማግኔትም ያስጠጋል። ማግኔቱ ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ያለው ብረት ሳይሆን ስቱኮ ነው ማለት ነው። ቀጥሎ የዛገውን ቆርጦ ያወጣል። ዝገት ብረት ከውሃና ከአየር ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ስለ ሆነ፥ ቀለም ቢቀቡበት ከሥር መብላቱን አይተውም። ስለዚህ ንጹሕ ብረት እስኪገኝ መቁረጥ፥ በልክ የተቆረጠ አዲስ ላሜራ መበየድ፥ በመዶሻ ማስተካከል፥ ፀረ ዝገት መቀባት ያስፈልጋል። ስቱኮ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ እርሱም በስሱ። ከዚያም በብርጭቆ ወረቀት በውሃ እያራሱ መፈግፈግ፥ ቀለሙን ደጋግሞ በስሱ መርጨት፥ በየመካከሉም እስኪደርቅ መታገሥ ነው። ሞተሩ ደግሞ የራሱ ሥራ አለው፤ ይፈታል፥ ይታጠባል፥ የተበላው ይለካል፥ ፋብሪካው መሥራት የተወው መለዋወጫም በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሲፈለግ ይዋላል ወይም በቶርኖ ይቀረጻል።

ባለፈው ክረምት በአምቦ ከተማ በአንድ ጋራዥ ውስጥ እንዲህ ያለ ሥራ ቆሜ እመለከት ነበር። ባለሙያው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። በቴሌቪዥን ያየሁት ትዝ ብሎኝ፥ «ጋሼ፥ ይህን መኪና በአንድ ሳምንት ማድረስ አይቻልም ወይ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም ከሥራቸው ቀና ሳይሉ፥ «ልጄ፥ በሳምንት የሚደርሰው ቀለሙ ነው፤ መኪናው አይደርስም» አሉኝ። ከዚያም ትናንት ረዳታቸው የበየደውን ስፍራ በመዶሻ መቱት፤ ተሰነጠቀ። አልጮኹበትም። «እንደገና» ብቻ አሉት፤ ልጁም መበየጃውን አነሣ። ይህ በቴሌቪዥን ቢቀርብ ኖሮ ጠብ ይደረግ ነበር። በጋራዡ ውስጥ ግን ትምህርት ነበር።

ሥራው ራሱ ያስተምራል

«ታዲያ እውነተኛው ሥራ በፊልም ቢታይ ተመልካች አያገኝም» የሚል ሊኖር ይችላል። ለዚህ መልስ የሚሆነን የኤድ ቻይና ታሪክ ነው። ይህ ሰው ከላይ በተጠቀሰው በ«ዊለር ዲለርስ» ላይ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መካኒክ ሆኖ ሲሠራ፥ ብልሽቱ ምን እንደ ሆነ፥ ከምን እንደ መጣ፥ እንዴት እንደሚፈታ በእርጋታ ያስረዳ ነበር። በብዙ አገር የተወደደውም በዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2017 ግን ትርኢቱን መልቀቁን አስታወቀ። ምክንያቱን ሲገልጽ፥ አሠሪው ጣቢያ ዝርዝር የጋራዥ ሥራ ለመቅረጽ ከባድ ነው ብሎ እንዲቀነስ መፈለጉን፥ እርሱ ደግሞ የሥራውን ጥራት ለማጓደል አለመፍቀዱን ተናገረ። በመሄዱም ተመልካቾች እጅግ አዘኑ። ሰው ጠብን ብቻ ይወዳል የሚለው አሳብ በዚህ ይፈርሳል፤ ዕውቀትን በትዕግሥት የሚያካፍል ቢገኝ የሚከተለው አያጣም።

ነገሩ ለእኛ ለምን ያሳስበናል?

አንደኛ፥ የአብዛኞቻችን ዕጣ ስለ ሆነ ነው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ወዴት ሄዱ? ብዙዎቹ ሙያ መያዝ ግድ ሆኖባቸዋል። ሙያን የሚያውቀው በትርኢት ብቻ የሆነ ወጣት ጋራዥ ገብቶ፥ ስድስት ወር ሙሉ ብሎን በናፍጣ ሲያጥብ ተስፋ ይቆርጣል። ያ ስድስት ወር ግን የሙያው ፊደል ነው።

ሁለተኛ፥ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። እንግዲህ አሁን ያሉት መኪናዎች ለብዙ ዓመት በባለሙያ እጅ እየታደሱ መኖራቸው ነው።

ሦስተኛውና ዋናው የሰው ሕይወት ነው። ከአዲስ አበባ በሆለታ፥ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ አድርጎ አምቦ የሚደርሰው፥ ከዚያም ወደ ጉደር የሚወርደው መንገድ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በየቀኑ ወላጆቻችንና እኛ በሚኒባስ እንመላለስበታለን። ቀለሙ አዲስ ሆኖ የፍሬን ሸራው ያለቀ መኪና፥ አበው «ውስጡን ለቄስ» እንዳሉት ነው። ተሳፋሪው ቀለሙን ያያል፥ የፍሬኑን ሸራ አያይም። ማንም በማያይበት ስፍራ በትክክል የሚሠራው ባለሙያ የእኛን ነፍስ ይዞ ነው።

እንግዲህ ውድ አንባቢ ሆይ፥ እንዲህ ያለውን ትርኢት ስታይ ሦስት ነገር ጠይቅ። ብልሽቱ ከምን እንደ መጣ ተነገረን? የሠራተኛው ድካም ከሒሳቡ ገባ? መኪናው ከዓመት በኋላ በመንገድ ላይ ታየ? ሦስቱም ከተመለሱ ከትርኢቱ ትማራለህ፤ ካልተመለሱ ተዝናናበት እንጂ አትመነው። ሙያውን የወደድህ ከሆነም ከትምህርት በኋላ አንድ ሰዓት በሠፈርህ ጋራዥ ቁም፤ መፍቻ አቀብል፤ ጠይቅ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላልና፥ በቴሌቪዥን የቸኮለውን ሥራ የሚለቅመው የኋላ ኋላ እውነተኛው ባለሙያ ነው።