ለካላዛር በሽታ ስለሚመረመር አዲስ መድኀኒት

ካላዛር በመተማና በሑመራ ቆላ የሚገኝ ብርቱ በሽታ ነው። ከደጋ ለሰሊጥ አጨዳ የወረደ ሠራተኛ ሌሊት በሜዳ ሲተኛ የአሸዋ ዝንብ ትነክሰውና በዓይን የማይታይ ተሕዋሲ ታገባበታለች። ከዚያም ትኩሳቱ ይሰነብታል፤ ሰውነቱ ይከሳል፤ ጣፊያው ያብጣል። ያልታከመም አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል።

የተለመደው ሕክምና ሁለት ዓይነት መርፌ በየቀኑ እስከ 17 ቀን መወጋት ነው። ይህም ያድናል፤ ነገር ግን ያሳምማል፤ አንደኛው መድኀኒትም ልብን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ሊቃውንት በአፍ የሚዋጥ መድኀኒት ፈለጉ።

በሰውም በተሕዋሲውም ሕዋስ ውስጥ የተበላሸውን ፕሮቲን የሚያስወግድ ፕሮቲያሶም የሚባል መሣሪያ አለ። ጥራጊው የማይወጣለት ቤት መኖሪያ እንደማይሆን፣ ይህ መሣሪያ የታገደበት ተሕዋሲም ይሞታል። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2016 ዓመት የኖቫርቲስ ኩባንያ ሊቃውንት የሰውን ሳይነካ የተሕዋሲውን ፕሮቲያሶም የሚያግድ ውሕድ በሰው እጅ ተሠርቶ አይጦችን ማዳኑን ገለጡ። ከዚሁ ወገን የሆነው ኤል ኤክስ ኢ 408 የተባለው ውሕድ አስቀድሞ በጤነኞች ተፈተነ፤ በኋላም በሕንድና በኢትዮጵያ ፈቃዳቸውን በሰጡ በሽተኞች ላይ ምርመራው ተጀመረ። የሚመረመረውም ያድን እንደ ሆነ፣ ጉዳት እንዳለው፣ መጠኑም ስንት እንደሚገባ ነው።

ይህ ሁሉ ተመርምሮ እስኪፈቀድ ድረስ ውሕዱ ተስፋ እንጂ መድኀኒት አይባልም። አዲሱን እጠብቃለሁ ብሎ የሚዘገይ በሽተኛ ሕይወቱን ያጣል። እንግዲህ ከቆላ የተመለሰ ሰው ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ቢያልፍ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም እንዲሄድ መምህራንና ሽማግሎች ሊመክሩት ይገባል።