አንድ ጆሮ፣ ግማሽ ሙዚቃ

ዛሬ ስለ ድሮ የስቴሪዮ ሙዚቃ ላካፍላችሁ።

ነገሩ የጀመረው በአያቴ ነው። አያቴ የድሮ ሙዚቃ በጣም ይወዳሉ፤ ግን ቀኝ ጆሯቸው አይሰማም። አንድ ቀን በእናቴ ስልክ የሚወዱትን ሙዚቃ ከፍቼ ኢርፎን ሰጠኋቸው። ትንሽ ሰሙና «ከበሮውስ? ከበሮውን ቆርጠው ጣሉት እንዴ?» ብለው አዘኑ። እኔ በሁለት ጆሮዬ ስሰማው ከበሮው አለ! ግን የሚመታው በቀኝ በኩል ብቻ ነው።

ለምን እንደዚህ ሆነ? ድሮ ሸክላ ላይ የሚቀዳው አንድ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ይሄ ሞኖ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1958 ገደማ የስቴሪዮ ሸክላ ገበያ ላይ ወጣ። መርፌዋ የምትሄድበት ቀጭን መስመር ሁለት ግድግዳ አለው። አንዱ የግራውን፣ ሌላው የቀኙን ድምፅ ይይዛል። ነገሩ አዲስ ስለነበረ ብዙ ቀጂዎች አንዱን መሣሪያ ወደ ግራ፣ ሌላውን ወደ ቀኝ ይለያዩት ነበር።

በዚያን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ኤግዞቲካ የሚባል ሙዚቃ ተወዳጅ ነበር። ማርቲን ዴኒ የሚባል ፒያኒስት ሃዋይ ውስጥ አንድ ሆቴል ሲጫወት አጠገቡ ኩሬ ነበረ። እንቁራሪቶቹ ሲጮሁ የባንዱ ልጆች ደግሞ እንደ ወፍ ይጮሁ ነበር! ጠዋት ሐይቃችን ዳር ወፎቹን የሰማ ሰው ይሄ ብዙም አይገርመው። ግን ኤግዞቲካ በአብዛኛው ሩቅ አገርን በሐሳብ የሚስል ሙዚቃ ነው።

የእኛው ጋሽ ሙላቱ አስታጥቄ ግን የተጫወቱት የራሳቸውን አገር ነው። ጅማ ተወልደው እንግሊዝና አሜሪካ ተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1966 «አፍሮ ላቲን ሶል» የተባለው ሸክላቸው ወጣ። መሣሪያቸው ቫይብራፎን ነው። በዱላ የሚመቱ የብረት ዘንጎች አሉት፤ ከሥራቸው ቱቦ አለ፤ በሞተር የሚዞር ነገር ድምፁን ያንቀጠቅጠዋል። የኤግዞቲካ ባንዶችም ይጫወቱበት ነበር። ጋሽ ሙላቱ ግን ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን ከጃዝ ጋር አዋሃዱ። ኢትዮ ጃዝ የሚባለው ይሄ ነው።

ወደ አያቴ ልመለስ። ብዙ ስልኮች ሴቲንግ ውስጥ «ሞኖ» የሚል አለ። እሱን ስታበሩት ግራና ቀኙ ይቀላቀልና በሁለቱም በኩል ሙሉው ይሰማል። አበራሁላቸውና ያንኑ ሙዚቃ ድጋሚ ከፈትኩ። አያቴ ዝም ብለው ሰሙ፤ ከዚያ በጣታቸው ጠረጴዛውን መምታት ጀመሩ። ከበሮውን ነበር የሚመቱት!

እናንተም ከጓደኛችሁ ጋር አንድ ኢርፎን ስትካፈሉ የምትሰሙት አንድ ዓይነት ላይሆን ይችላል። ስለዚህ አትጣሉ፣ ተቀያየሩ!